የአሮጊቷ መኝታ

ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ ላይ የቆየ ቅቤ የራሱ ሽታ አለው። እንደ ወጥ ቅቤ አይሸትም፤ ራስ ላይ እንደዋለ ቅቤም አይሸትም። ከሁለቱም የከረረ፣ ትንሽ ብረት ብረት የሚል ነው። ዘንድሮ በጥር ለወንድሜ ተዝካር እስቴ ሄጄ ነበር። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በእግር ወጥተን ወደ ወንድሜ ልጆች ቤት ስንቃረብ፣ ድንጋዩን ከማየቴ በፊት ሽታው ደረሰኝ። ክንዴን የያዘችው የወንድሜ የልጅ ልጅ ቤዛ፣ «እማማ፣ ደከመዎት?» አለችኝ። አልደከመኝም ነበር። እግሬ ነው የቆመው።

አራተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት አባቴ እዚህ ቦታ፣ እህቱ ዘንድ አስቀመጠኝ። የእኛ ቤት ከወንዙ ማዶ፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከወዲህ ስለሆነ ነው። አክስቴን ትልቁም ትንሹም «እታለም» ይላቸው ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ ሁለት ልጆቻቸውም ከባላቸው በፊት ሞተዋል። ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ላም፣ አንድ ውሻ፣ ደጃፉ ላይ አንድ የገብስ ጎተራ፣ ያ ነው ያላቸው። ብዙ አይናገሩም። ሲናገሩም ዕቃ እያነሱ ወይም እያስቀመጡ ነው።

ከቤቱ ጀርባ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ አሮጊቷ ተቀምጣ ነበር። አሮጊቷ ድንጋይ ናት። ሁለት በሬ ጎን ለጎን ቢቆም ታህላለች። የአገሩ አድባር ስለሆነች፣ በግንቦት ልደታ ሴቶቹ ንፍሮ ይዘው ይወጡና ጀርባዋን ቅቤ ይቀቧታል። ከእሷ እስከ እታለም ቤት ያለው ሣር አይታረስም፣ አይቆፈርም። ቄሶቹ በዚህ ይቆጣሉ፤ ሚስቶቻቸው ግን ቅቤውን ይልካሉ።

ሌላም ልማድ ነበረ። የምታገባ ልጅ፣ አዲስ ቤት የምታስመርግ ሴት፣ ከአሮጊቷ ሥር አንድ ጭብጥ አፈር ወስዳ ከምርጊቱ ጭቃ ጋር ትቀላቅላለች። ቤቱ ይጸናል ይባላል። ነጭ፣ ለስላሳ አፈር ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሚወሰድ የሚያውቅ አልነበረም። በቁልቁለቱ በኩል ከሥሯ የተቦረቦረ ጉድጓድ ነበር፤ «አፏ» እንለዋለን። ክንዴን ሳስገባ እስከ ትከሻዬ ይገባል። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ከውስጡ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። ከአፏ የሚወጣ ስለሆነ ትንፋሿ ነው ብዬ አምን ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ማንም አይደለም አላለኝም።

ትምህርት ቤታችን የጭቃ ቤት ነበር። አራተኛና ሰባተኛ ክፍልን የሚለየው የቀርከሃ ግድግዳ ብቻ ነው። መምህር ካሳ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪ ነበሩ፤ ከጎንደር ከተማ የመጡ ቀጭን ወጣት። የእኛ አስተማሪ ሲያጽፈን የእሳቸው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። አፋቸውን ሳላይ ድምፁን ብቻ ስለምሰማ፣ ራሱ ቀርከሃው የሚናገር ይመስለኝ ነበር።

በሰኔ፣ ዝናቡ በገባ ሰሞን፣ ቀርከሃው እንዲህ አለ፦ «የቆመ ነገር መቆም ይወዳል። የሚሄድ ነገር መሄድ ይወዳል። የሚከለክለው እስኪመጣ ድረስ አይተውም። ትልቅ ነገር ቀስ ብሎ ቢሄድ እንኳ፣ ትንሽ ሆኖ ከሚሮጠው ይልቅ ለማቆም ሊያስቸግር ይችላል።»

እኔ ነገሩን እንደ ሰው ፍላጎት ያዝኩት። ያን ቀን ቤት ስገባ ሙቀጫውን አየሁት። ወድዶ የቆመ ነው። እንስራው ጥግ ይዞ ቆሟል፤ እሱም ወድዶ ነው። ወንበሩም፣ በሩም፣ ምሰሶውም። እስከዚያ ቀን ድረስ ዕቃ ዕቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጀርባዬን ለሙቀጫው ሰጥቼ መቀመጥ አልወድም ነበር። አንድ ቀን መቆም ቢያስጠላውስ?

በዚያው ሳምንት ውሻው በቤቱ ጀርባ መተኛት ተወ። ዝናብ እየመታው ደጃፍ ላይ ያድራል። እታለም በእግራቸው ገፋ እያደረጉ፣ «ምን ነካህ አንተ? ሂድ፣ ከጥግህ ግባ» ይሉታል። አይሄድም። እኔ ላሟን ላመጣ ስወጣ አሮጊቷን በላይ በኩል ዞርኳት። ጀርባዋ ሥር ሣሩ ተገንጥሎ መሬቱ መስመር አውጥቷል። ጣቴ ይገባ ነበር።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት መምህር ካሳ ዘንድ ሄጄ ቆምኩ።

«ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

«አሮጊቷ መሄድ መውደድ ጀምራለች።»

የሰባተኛ ክፍል ልጆች ሳቁ። «አክስቷን ነው እምትል!» አለ አንዱ። መምህር ካሳ ማንን እንደምል እስኪገባቸው ጠየቁኝ፣ ከገባቸው በኋላ ግን አልሳቁም። ያን ዕለት ከትምህርት በኋላ ተከትለውኝ መጡ።

አሮጊቷን ዞረው አዩ፣ ተንበርክከው አፏ ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ፣ ቶሎ አወጡት። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ቤቱ አዩ። እታለም ደጃፉ ላይ ገብስ ያበጥሩ ነበር።

«እናቴ፣ ክረምቱን እዚህ ባይከርሙ ይሻላል» አሏቸው። «ድንጋይዋ ሥሯ ባዶ ሆኗል። አፈሩ ሲረጥብ ትመጣለች። የምትመጣው ደግሞ ቀጥታ እርስዎ ላይ ነው። ወንድምዎ ዘንድ ይክረሙ።»

እታለም ሰፌዱን አላቆሙም። «ከዚህ ቤት ባሌን አውጥቻለሁ። ሁለት ልጅ አውጥቻለሁ። እኔም እምወጣው እንደነሱ ነው።»

«ልጅቷስ?»

ያኔ ሰፌዱ ቆመ። «ልጅቷን አባቷ ይውሰዳት» አሉ።

አባቴ ግን አልመጣም። ወንዙ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የሚሻገር ሰው ጠፋ፣ እኔም ከእታለም ጋር ቀረሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችን ነበርን ከሥሯ።

መምህር ካሳ ለእረፍት ከመሄዳቸው በፊት ሥራ ሰጡኝ። አመድ በውሃ ለውሰን በላይ በኩል ባለው ስንጥቅ ላይ ለጠፍን። «በየጠዋቱ እዪው። ተሰንጥቆ ካገኘሽው ለአክስትሽ ንገሪና እንደገና ለጥፊበት» አሉኝ። በየጠዋቱ አየዋለሁ። ብዙ ጠዋት ተሰንጥቆ አገኘዋለሁ። የእግሯ ዱካ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ እኛ ስንተኛ አንድ ፀጉር የምታህል ትራመዳለች። ስንነሳ ትቆማለች።

ነገሩ በአገሩ ሲሰማ ጎረቤታችን አያ ደምሌ ደቦ ጠራ። አያ ደምሌ አፈ ቀላጤ፣ ጉልበተኛ ሰው ነበር፤ ካብ መካብ ይችላል። ሰዎቹ የእርሻ ጊዜያቸውን ቆርሰው ከአሮጊቷ በታች፣ ከቤቱ በላይ፣ ደረት የሚደርስ ካብ አቆሙ። እታለም ጠላ ቀዱላቸው። አያ ደምሌ ካቡን በእርግጫ መታ አድርጎ፣ «ዝሆን ቢመጣ እዚህ ላይ ነው እሚያድር!» አለ።

መምህር ካሳ በዚያ ቀን ሊሰናበቱን መጥተው ነበር። «አያ ደምሌ፣ ይህ ካብ አያቆማትም» አሉ።

«ምነው? ደንጊያ ለደንጊያ ወንድሙ አይደል? ይያዛል።»

«አይያዝም። የያዘችውን ሩጫ ለካቡ ታካፍለዋለች። የቆሙት ድንጋዮች ይነሳሉ። አንድ ድንጋይ ሆና ትመጣ የነበረችው ብዙ ሆና ትመጣለች።»

«እንግዲህ አንተ በጠመኔ ካባት» አለ አያ ደምሌ። ሰዉ ሳቀ። መምህር ካሳም ፈገግ አሉ፣ ጆሯቸው ግን ቀላ።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ለእታለም እንቁላል ጠየቁ። የሰኔ ጾም ስለነበር እታለም በዓይናቸው ገላመጧቸው። «ልበላው አይደለም» አሉ። «ነጠላዎን ከልጅቷ ጋር ሁለት ሁለት ጫፉን ይያዙልኝ። አታጥብቁት፣ ይርገብ።»

ያዝን። እንቁላሉን በሙሉ ኃይላቸው ነጠላው ላይ ወረወሩት። ነጠላው ወደ ኋላ ሄደ፣ ረገበ፣ እንቁላሉ ወደ ታች ተንሸራቶ እጥፋቱ ውስጥ ቀረ። አልተሰበረም።

«አሁን ደግሞ ግድግዳው ላይ ልወርውረው?»

«ተው! እሱን እኔም አውቀዋለሁ» አሉ እታለም፣ እንቁላሉን ነጥቀው።

«ልዩነቱ ጊዜው ነው፣ እናቴ። በግድግዳው ላይ ወዲያው ይቆማል፣ ስለዚህ ይመታል፣ ይሰበራልም። በነጠላው ግን ለመቆም ጊዜ አገኘ፤ ምቱ ቀለለ። ድንጋይዋን አትምጪ ማለት አንችልም። ስትመጣ ግን ለመቆም ጊዜ ልንሰጣት እንችላለን። ከካቡ በታች ያለው ሣር በጥልቁ ቢቆፈር፣ ቢለሰልስ፣ ጭድና ጭራሮ ቢሞላበት...»

እታለም እንቁላሉን በመዳፋቸው እንደያዙ ወደ ተዳፋቱ አዩ።

«መኝታ ነው እምትል» አሉ።

መምህር ካሳ ትንሽ አሰቡ። «አዎ» አሉ። «መኝታ ቢሉትም ያው ነው።»

በማግስቱ ሄዱ። እታለም ዶማ አንስተው የማይቆፈረውን ሣር መቆፈር ጀመሩ።

ሐምሌን ሙሉ ቆፈርን። እሳቸው ይቆፍራሉ፣ እኔ ጓሉን እሰብራለሁ፣ ጭድ እሸከማለሁ፣ አዛባ እጨምራለሁ። ሴቶቹ በሩቅ ቆመው ያዩናል፤ አይጠጉም። አያ ደምሌ አንድ ቀን ከካቡ ወዲያ ቆሞ ተጣራ።

«እታለም! የአድባር መሬት ነው እኮ! ምን ልታመጭብን ነው?»

«የናንተ ሚስቶች ጭብጥ ጭብጥ ከሥሯ ሲወስዱ ማን ከለከለ?» አሉት ቀና ሳይሉ። «ሥሯን በልተን ጨረስነው። ደክሟት ነው። የደከመ ሰው ይተኛል።»

እኔ ግን ለመተኛት የምትመጣ አይመስለኝም ነበር። አፈሯን ልትወስድ ነው የምትመጣው። የእታለም ቤት ግድግዳ በእሷ አፈር ነው የተመረገው፤ ዝናብ ሲዘንብና ግድግዳው ሲረጥብ የቅቤ ሽታ ከራሱ ከምርጊቱ ይወጣ ነበር፤ ወይም ይወጣል ብዬ አምን ነበር። አንድ ምሽት እራት ስንበላ ይህን ነገርኳቸው። ጉርሻቸውን መልሰው ግድግዳውን አዩ።

ጠዋት ስነሳ በማጭድ ጫፍ የኋላውን ግድግዳ ምርጊት ሲፍቁ አገኘኋቸው። ነጭ የነበረውን ሁሉ ፍቀው በአቁማዳ አወጡና መኝታው ላይ በተኑት። «የራሷን መልሰንላታል» አሉ።

ከዚያ በኋላ የኋላው ግድግዳ የእንጨት አጽም ብቻ ነበር። በእንጨቶቹ መካከል ጉሙ ይገባል። መደቡ ላይ ተኝቼ ስገላበጥ ካቡ ይታየኛል፤ ከካቡ በላይ ደግሞ እሷ። ቀድሞ ቢያንስ ግድግዳ ነበረን። እታለም አንድ ሌሊት እንኳ ከዚያ መደብ ሌላ ቦታ አላደሩም፤ እኔን ግን በደጃፍ በኩል ካለው አልጋ አዛወሩኝ።

ፍልሰታ ተፈታ። በማግስቱ ይሁን በሌላው ቀን አላስታውስም፤ ጠዋት ጉም ነበር። ደጃፉ ላይ ያለው ጎተራ አይታይም። ወፍ አልተሰማም። እታለም መደቡ ላይ ሆነው ጸሎት ሲደግሙ ትቻቸው፣ አመዱን በገል ይዤ ወጣሁ። አሮጊቷን ዞሬ በላይ በኩል ስደርስ፣ ትናንት የለጠፍኩት አመድ ሁለት ሆኗል። አንዱ እኔ ዘንድ ቀርቷል፣ ሌላው ከእሷ ጋር ሄዷል። በመካከላቸው እግሬን ማስገባት እችል ነበር።

ገሉን መሬት አስቀመጥኩ። ከታች ጥርስ እንደማፋጨት ያለ ድምፅ መጣ። ከዚያ አሮጊቷ ተነሳች።

ተነሳች የምለው ሌላ ቃል ስለሌለኝ ነው። መጀመሪያ አልተንከባለለችም። ጉልበቷን እንደሚያማት ሴት ቀስ ብላ ወደ ፊት አዘነበለች፣ ከመሬትም ለቀቀች። ሥሯን አየሁት። ነጭ አፈር ተጣብቆበት እርጥብ ነበር። አፈሩ ላይ የጣት ጭረት ነበረበት፤ አራት አራት እየሆነ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ የትልቅ ሴት፣ የትንሽ ልጃገረድ፣ የደረቀ፣ ያልደረቀ። ስንት ሙሽራ እንደጫረችው እንጃ። የወሰዱ ሳይሆን የያዙ እጆች ይመስሉ ነበር፤ እስከዚያች ቀን ድረስ የያዟት እነሱ የነበሩ። ከዚያ ዞረች፤ ጉሙ ዋጣት።

«እታለም!» አልኩ። ድምፄ ሩቅ አልሄደም።

መሬቱ ከእግሬ ሥር አንዴ ተነቃነቀ፣ ደግሞ ተነቃነቀ። ከዚያ ካቡ ተሰማ። እንደ ነጎድጓድ ያለ አልነበረም፤ ገንቦ ሲሰበር እንደሚሰማው አጭር ነበር። ወዲያው ከታች የእንጨት ስብራት መጣ። ከዚያ ምንም። ውሻው እንኳ አልጮኸም።

የእንጨት ስብራቱን ቤቱ ነው ብዬ ነበር። ስለዚህ አልሮጥኩም። የሚያስሮጥ ነገር ያለ አልመሰለኝም። እሷ የሄደችበትን ዱካ ይዤ፣ ሣሩ በተላጠበት ላይ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ካቡ ጋ ስደርስ በመካከሉ በር ተከፍቶበታል። የነበሩት ድንጋዮች የሉም፤ የወደቁ አይደሉም፣ የሉም። ከዚያ ወዲያ መኝታው። አሮጊቷ ጭድና ጭቃውን ከፊቷ ገፍታ፣ እስከ ወገቧ ሰጥማ ተቀምጣለች። ቤቱ ከወዲያዋ ቆሟል።

የተሰበረው ጎተራው ነበር። ከካቡ አንዱ ድንጋይ ከጣሪያው ሣር አንድ ጭብጥ ገሽልጦ፣ ቤቱን አልፎ ጎተራው ላይ አርፏል። ገብሱ ጭቃው ላይ ፈስሶ ነበር።

በደጃፉ ገባሁ። እታለም መደቡ ላይ፣ እንደተውኳቸው፣ ተቀምጠዋል። የአሮጊቷ ፊት የቤቱን እንጨቶች ነክቶ ነበር፤ ቅቤ የጠገበው ጥቁር ፊቷ በክፍተቶቹ ሁሉ ይታያል። ቤቱ በሙሉ ይሸታል። እታለም ቀኝ እጃቸውን በእንጨቶቹ መካከል አውጥተው ግንባሯ ላይ አድርገው ነበር። ላለቅስ አፌን ስከፍት ግራ እጃቸውን አነሱ።

«ዝም በይ» አሉኝ። «ተኝታለች።»

ቆይተውም፣ «ቅቤ አምጪልኝ» አሉ። ቅቤውን ተቀብለው ግንባሯን ቀቧት።

አያ ደምሌ እየሮጠ መጥቶ የተከፈተውን ካብ፣ ከዚያ ድንጋይዋን አየ። ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «አላልኩም? ካቤ ነው ያደከማት!» አለ።

«እንግዲያማ ገብሴንም ካብህ ይልቀምልኝ» አሉት እታለም።

በመስከረም መምህር ካሳ ተመልሰው ሲመጡ ይህን ሰሙ። አያ ደምሌ ግማሽ እውነት አለው አሉ፤ ከሩጫዋ ከፊሉን ካቡ ወስዶላታል። የወሰደውን ግን ውጦ አላስቀረውም፤ ጎተራው ላይ ጣለው። «የቀረውን ማን ወሰደው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መሬቱ ነው አሉኝ፤ መሬት ትልቅ ስለሆነ ሲወስድ አይታይበትም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ስተኛ ይህን አስብ ነበር።

ወንዙ ሲጎድል አባቴ መጥቶ ወሰደኝ። እታለም ግድግዳውን በሌላ አፈር አስመረጉት። አሮጊቷን ከኋላቸው አድርገው እዚያው ቤት ኖሩ፤ የወጡትም እንዳሉት ነው።

አሁን ቤቱ የለም። ቦታው ሣር ነው። አሮጊቷ ግን ያቺው ናት፤ ክረምት እየመጣ የዙሪያዋን ጭቃ አጥቦት ከወገቧ በታችም ታይታለች። ለቤዛ ይህን በአጭሩ ነገርኳት። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ስለ ግጭት ተምረው ገና ፈተና አልወሰዱም።

«ሞመንተም ነዋ!» አለች ሳቅ ብላ። «ቀመሩን እኮ ሸምድጄዋለሁ። ግን እማማ፣ ይህቺ ድንጋይ የእውነት ሄዳ ታውቃለች? ከድሮ ጀምሮ እዚሁ የነበረች ነው የሚመስለኝ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚመስለው» አልኳት።

በቁልቁለቱ በኩል ዞርኩ። ቅቤ በተቀባው ወገቧ ዙሪያ ሙሽሮች ክር አስረዋል፤ ጥር የሠርግ ወር ነው። ጎንበስ ብዬ ከሥሯ አየሁ። ነጭ አፈር አይደለም አሁን፤ ያኔ ከጭድ ጋር የሞላነው ጥቁር አፈር ነው። ጣቶች አሉበት። አራት አራት፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ገና ያልደረቁም አሉ። እጄን አስገባሁ። እስከ ክርኔ ገባ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው።

ቀና ስል ከታች የወንድሜ ልጆች የቆርቆሮ ቤት ቀጥታ ከፊቴ ነበር። ለተዝካሩ የመጣው ሰው ግቢው ውስጥ ይተራመሳል። በቤቱ ጀርባ ልጆች ይጫወታሉ። አንድ ውሻ ከልጆቹ ራቅ ብሎ፣ በደጃፍ በኩል፣ ፀሐይ በሌለበት ተኝቷል።

«ከዚህ እስከ ቤታችሁ ያለውን ሣር ማን ነው የሚቆፍረው?» አልኳት።

«ኧረ እማማ! ይህ እኮ የአድባር መሬት ነው። አይቆፈርም።»

ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ።

«ሂጂና ዶማ አምጪልኝ» አልኳት።